ስጋ ለማይበላ እንግዳ ላዛኛ ልሠራ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው

ቤቲ ከቱሉ ዲምቱ፦

ሰላም ቤተሰብ። ባለሙያዎች እባካችሁ እርዱኝ። ባለቤቴ የፊታችን ዓርብ ማታ የሥራ ባልደረባውን ከነሚስቱ እራት ጋብዟል። ሰውየው ህንዳዊ ነው፣ ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ከተወለደ ጀምሮ ስጋ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ዶሮም ዓሣም አይበላም፣ ሚስቱም እንደዚያው። ሰው ቤት በተጋበዙ ቁጥር ሰላጣና ዳቦ እየቀረበላቸው "ጠግበናል" እያሉ እንደሚወጡ ባለቤቴ ሲነግረኝ አንጀቴን በላኝ። አገር አቋርጦ መጥቶ ከሰው ቤት ባዶ ሆዱን የሚወጣ እንግዳ! እኔ ቤት ይሄ እንዲሆን በፍጹም አልፈልግም።

ላዛኛ ላይ እጄ ጥሩ ነው ይሉኛል። ግን ሁሌ የምሠራው በተፈጨ ስጋ ነው። ስጋውን አውጥቼ አትክልት ብተካበት ይሆናል ብዬ አሰብኩና ደግሞ ፈራሁ። አንድ ካፌ የአትክልት ላዛኛ አዝዤ የመጣልኝ ሾርባ ነበር፣ ሹካ ሳደርግበት ተንሸራተተ፣ ሰሃኑ ላይ ውሃ ተኛ። እንደዚያ ዓይነት ነገር እንግዳ ፊት ማቅረብ አልችልም።

ሁለተኛው ጣጣ ቀኑ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ አይነኬ ነው። ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይሞከርም። ባለቤቴ "ለእንግዶቹ የአትክልት፣ ለእማማ ሽሮ፣ ለእኛና ለልጆቹ እንደ ሁልጊዜው አድርጊው" አለኝ። ሦስት ዓይነት ምግብ ማለት ነው። ድካሙን እችለዋለሁ፣ አንድ ጠረጴዛ ከበን ሁሉም የየራሱን ሰሃን አቅፎ ሲበላ ማየት ነው የማይጥመኝ። ማዕድ እኮ አንድ ሲሆን ነው ደስ የሚለው።

በአጠቃላይ 8 ሰው ነን። ያለኝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ነው፣ የሚገባበት ትሪ 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ባለ ሲሊንደር ስቶቭም አለኝ። እኛ ሰፈር መብራት ማታ ማታ እንደፈለገው ስለሚሄድ ይሄንንም አስቡልኝ። ምን ልጨምርበት? ውሃ እንዳይሆንስ ምን ላድርግ?

ሀና ለቡ፦

ቤቲዬ አትጨነቂ። ስጋ የሌለው ላዛኛ ሲሠሩት ያምራል፣ ብቻ አትክልቱን ጥሬውን ከትፈሽ እንዳትደረድሪው። ያ ካፌ ያደረገው ይሄንን ነው፣ ሳላየው እምልልሻለሁ። ዝኩኒ፣ ደበርጃን፣ ቆስጣ፣ እንጉዳይ፣ ሁሉም ሆዳቸው ውሃ ነው። ኦቨን ውስጥ ሲገቡ ውሃቸውን ይለቃሉ፣ መውጫ ስለሌለው ከታች ይጠራቀማል። ስለዚህ ውሃው ቀድሞ መጥበሻ ላይ ይለቅ።

ዝኩኒውን በቁመቱ ቀጭን ቀጭን አድርገሽ ቁረጪና ጨው ነስንሰሽበት ግማሽ ሰዓት ወንፊት ላይ ተይው። ከዚያ በንጹህ ፎጣ አድርቀሽ በትንሽ ዘይት ሁለቱንም ፊቱን ጥበሺው። ደበርጃኑም እንደዚሁ። ቆስጣውን አጥበሽ ክተፊው፣ ክዳን ሳታደርጊ ድስት ውስጥ እስኪተኛ አገላብጪው፣ ሲቀዘቅዝ በእጅሽ ጨምቀሽ ጭማቂውን ድፊው። ከአንድ ትልቅ እስር ቆስጣ ጭብጥ የማታክል ነገር ነው የምትቀርሽ፣ አትደንግጪ፣ ልኩ እሱ ነው።

እንጉዳይ ካገኘሽ ደግሞ በጆሮሽ ነው የምትሠሪው። መጥበሻው በደንብ ሲግል አስገቢውና አታማስይው። መጀመሪያ ሺ ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ውሃው ወጥቶ በራሱ ውሃ እየፈላ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ በሰለ ብሎ ያወጣዋል። ጠብቂው። ውሃው ሲያልቅ እንደገና ጣ ጣ ማለት ይጀምራል፣ ጠርዝ ጠርዙም ቡናማ ይሆናል፣ ሽታው ይለወጣል። ጨው የሚጨመረው ያኔ ነው። እንደዚህ የተሠራ እንጉዳይ የስጋውን ቦታ ጥሩ አድርጎ ይይዝልሻል።

መሐሉ ላይ አይብና የተጨመቀ ቆስጣ ለውሰሽ አስገቢ። ጣሊያኖቹ ሪኮታ የሚያደርጉበት ቦታ ላይ የእኛ አይብ ቁጭ ይላል። ብቻ ጎምዛዛ እንዳይሆን ትኩሱን ግዢና በነጠላ ጨርቅ አንጠልጥለሽ ውሃውን አንጠፍጥፊ። ከላይ ፕሮቮሎኔ ፈግፍገሽ ትጨርሻለሽ። ለእማማ ግን ሽሯቸው ይሻላቸዋል፣ ለሳቸው ብለሽ ላዛኛውን አታበላሺው።

ሙያ በልብ፦

የሀናን ምክር በሙሉ እደግፋለሁ፣ ግን ገበያ ከመውጣትሽ በፊት አንድ ነገር። እንግዶቹን ጠይቂ። "ስጋ አይበሉም" የሚለው ብቻ አይበቃም። እኔ ለብዙ ዓመት ከህንዳውያን ጋር ጎረቤት ሆኜ ኖሬያለሁ። ስጋ የማይበሉት አብዛኞቹ ወተትና እርጎ ይወዳሉ፣ እንቁላል ግን ስጋ እንደመብላት ነው የሚቆጥሩት። ጄይን የሚባለውን እምነት የሚከተሉት ደግሞ ከመሬት ሥር የሚወጣ ነገር አይበሉም፦ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ካሮት። እንጉዳይም የማይነኩ አሉ። ይሄንን ባለቤትሽ ስልክ አንስቶ ቢጠይቅ ነውር የለውም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። በግምት ተሠርቶ ሳይነካ ከሚቀር ተጠይቆ ቢሠራ ይሻላል።

እንቁላል የማይበሉ ከሆነ ፓስታውን እይ። እቤት የሚቦካው የላዛኛ ሊጥ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ነው የሚገባበት። በፓኬት ከሚሸጠውም እንቁላል ያለበት አለ፣ በዱረም ስንዴና በውሃ ብቻ የተሠራም አለ። ጀርባውን ማንበብ ነው።

ቀጥሎ ቺዝ። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፓርሚጃኖ የሚባለው የጣሊያን ቺዝ ወተቱ የሚረጋው ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ነገር ነው፣ ደንቡ ራሱ እንደዚያ ነው። ግራና ፓዳኖም እንደዚሁ። ጠንቃቃ የሆኑት አይበሉትም። ሌሎች ቺዞች ደግሞ በሌላ ዓይነት ማርጊያ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ማሸጊያው ላይ ማየት ይቻላል። የእኛ አይብ ግን ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፣ አሬራው ለስ ባለ እሳት ሲሞቅ በራሱ ኮምጣጣነት ነው የሚለየው፣ ምንም አይገባበትም።

ሾርባ ማጣፈጫ ኩብ የምትጨምሪ ከሆነም ተዪው። የዶሮ ወይም የበሬ የሚል ከሆነ ስጋ ነው። ትሪሽ፣ ማማሰያሽ፣ ወንፊትሽ ስጋ የነካው ከሆነ በደንብ ታጥቦ ይቅረብ። ይሄንን ለእኛ መንገር አያስፈልግም፣ የጾም ድስት ለይቶ የሚያስቀምጥ ቤት ያደገ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። አማትሽ ፍስክ የነካው ጭልፋ ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አስቢ፣ እንግዶችሽም ያው ናቸው።

የሰንዳፋ ልጅ፦

ሰላም እህቴ። ነጩን ሶስ ማንም አላነሳውም፣ እኔ ግን የላዛኛ ነፍሱ ቤሻሜሉ ነው ባይ ነኝ። ልኩን ልንገርሽ። ለ1 ሊትር ወተት 80 ግራም የገበታ ቅቤና 80 ግራም የፉርኖ ዱቄት። ቅቤው ሲቀልጥ ዱቄቱን ጨምረሽ ሁለት ደቂቃ ያህል አማስዪ፣ ቀለሙ አይቀየር፣ የዱቄት ሽታው ብቻ ይጥፋ። ከዚያ ሞቅ ያለ ወተት በትንሽ በትንሹ እያፈሰስሽ ምቺው። ጨው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ገውዝ ፈቅፈቅ። ማንኪያው ጀርባ ላይ ተለጥፎ በጣትሽ መስመር ስታደርጊበት መስመሩ ካልተዘጋ ደርሷል።

ወተቱን ከላም ቤት የምትገዢ ከሆነ ቀድመሽ ትንሽ አፍልተሽ ሞክሪው። የቆየ ወተት እሳት ሲነካው ይበጣጠሳል፣ ያ ደግሞ ሙሉ ድስት ሶስ ያስደፋል። የጧት ወተት ከሆነ ችግር የለውም።

ቤቲ ከቱሉ ዲምቱ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሙያ በልብ፣ አንቺን ደግሞ በተለይ። ባለቤቴ ደወለ። እንደተባለው እንቁላል አይበሉም! ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፣ ሊጡን እቤት ላቦካ ነበር እኮ። ወተት ይጠጣሉ፣ አይብም ይበላሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ችግር የለም፣ እንጉዳይም ይወዳሉ። ቺዝ ሲባል ግን "ከየትኛው እንደተሠራ ካወቅን" ብሏል፣ ልክ እንዳልሽው።

ባለቤቴ ሲነግረኝ ሰውየው ስልኩ ላይ ዝም ብሎ ቆይቶ "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለው። አሁን በቃ ይሄ እራት ማማር አለበት።

የእማማ ነገር ግን አሁንም አልተፈታልኝም።

አራብሳ 4ኛ ፎቅ፦

እኔ ላዛኛውን ሙሉ በሙሉ የጾም አድርጊው ባይ ነኝ። ከምሬ ነው። አስቢው እስቲ፦ እንቁላል የለም፣ ቺዝ የለም፣ ወተት የለም፣ ስለዚህ የጥጃ ጨጓራ ጥያቄም የለም። እንግዶችሽም እማማም ልጆቹም ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ። ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉ የሚጾምበት አገር ውስጥ ሆነን ስጋ ለማይበላ ሰው ምን እናብላው ብለን ስንጨነቅ ይገርመኛል። በእንስሳት ተዋጽኦ የለሽ ምግብ እኛን የሚያክል ማን አለ? ችግሩ የጾም ምግብ ሲባል ሽሮና ምስር ወጥ ብቻ ነው የሚታየን።

እኔ ሁዳዴን በሙሉ ለልጆቼ የምሠራው ላዛኛ አለ፣ አሠራሩን ልጻፍልሽ።

ነጩን ሶስ በሱፍ ነው የምሠራው። አዎ፣ ለፍትፍት የምናደርገው ሱፍ። ሁለት ኩባያ ሱፍ ልቀሚና እጠቢ፣ ትንሽ ቀቅለሽ በሚክሰር ከውሃ ጋር ፍጪው፣ በቀጭን ወንፊት ከዚያም በነጠላ ጨርቅ አጥሪው። 1 ሊትር ያህል ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣል። ማጥራቱ ላይ አትቸኩዪ፣ ገለባው ከቀረ ሶሱ አፍ ውስጥ ይከረክራል። ከዚያ የሰንዳፋው ልጅ እንዳለው ነው፣ በቅቤው ፋንታ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 80 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ የሱፉን ወተት በትንሽ በትንሹ። እሳቱ ለስ ያለ ይሁን፣ ማማሰል አታቋርጪ። ገውዙንም አትርሺ። ሱፍ የራሱ የሆነ ቅባት ያለው ጣዕም አለው፣ የላም ወተት አምሮሽ አታስታውሺም።

ሱፉን መፍጨት ከበዛብሽ የአኩሪ አተር ወተት ሱፐርማርኬት አለ። ስኳር የሌለበት መሆኑን ግን አረጋግጪ፣ ጣፋጩ ከገባ ሶሱ ገንፎ ከነማሩ ይሆናል።

ዱባ! ዱባን አትርሺ። ቢጫ የሆነውን ጠንካራ ዱባ ልጠሽ፣ በዘይትና በጨው አሽተሽ ኦቨን ውስጥ እስኪለሰልስ ጥበሺው፣ ከዚያ በሹካ ፍጪው። አንዱን ንብርብር በሱ አድርጊው። አይቡ የሚሰጥሽን ለስላሳነት ዱባው ይሰጥሻል፣ ቲማቲሙን ደግሞ ያበርድልሻል።

ስጋው የነበረበት ቦታ ላይ ድፍን ምስር አስገቢ። ክክ አይደለም፣ ክኩ ሟሙቶ ይጠፋል። ድፍኑ እስኪበስል ብቻ ቀቅይው፣ ውሃውን ጠንፍፊ፣ ከዚያ ቀይ ሽንኩርት፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት በዘይት በደንብ አቁላልተሽ የቲማቲም ድልህ ጨምሪበት። ድልሁ ጥሬ ሽታው ጠፍቶ ጠቆር እስኪል ጥበሺው። ከዚያ ተፈጭቶ የወጣለት ትኩስ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ምስሩ። ወፍራም ይሁን፣ በማንኪያ ስታነሺው የማይፈስ።

ሀና ለቡ፦

አራብሳ፣ ሙያሽን አከብራለሁ፣ ግን ቺዝ የሌለው ላዛኛ እንዴት ላዛኛ ይባላል? እንግዶቹ ወተት ከበሉ ለምን እንከለክላቸዋለን? ደግሞ ህንዶች ምስር በየቀኑ ነው የሚበሉት። እኛ ጋ እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ እቤቱ የሚበላውን ነው እንዴ የምናቀርብለት? ሁለት ትሪ ትሥራ፣ አንዱ በአይብ፣ አንዱ የጾም። አለቀ።

አራብሳ 4ኛ ፎቅ፦

ሀንዬ፣ ኦቨኗ አንድ ትንሽ ትሪ ብቻ ነው የሚይዘው። ሁለተኛው እስኪበስል የመጀመሪያው ቀዝቅዟል፣ መብራቱ ከሄደ ደግሞ ሁለተኛው አልነበረም። በምስሩ ግን እውነትሽን ነው፣ አሳመንሽኝ። ምስሩን ትተው፣ በምትኩ አንቺ ያልሽውን እንጉዳይ ታብዛ። 1 ኪሎ ቢሆን ነው ጥሩ፣ ሲጠበስ ይቀንሳልና።

ሙያ በልብ፦

ስለ ቺዙ እኔም አንድ ልበል። ላዛኛ ሲባል ሁላችን ጭንቅላት ውስጥ ያለው የቦሎኛው ነው፣ በተፈጨ ስጋ። ጄኖቫ አካባቢ ግን የሚታወቀው ስጋ የሌለበት፣ የእኛ በሶብላ ዘመድ በሆነው ባዚል በተሠራ አረንጓዴ ሶስ የሚደረደር ነው። ማንም ጎደለው ብሎት አያውቅም። ደቡብ ጣሊያን ደግሞ ቺዝ መግዛት የማይችል ሰው ፓስታው ላይ የሚነሰንሰው በዘይት የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር፣ እስከ ዛሬም የሚወዱት ምግብ ነው። ቤቲ ይሄንን ብታደርግ ከላይ ያለው ክርችም የሚል ነገር አይቀርባትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የደረቀ ነጭ ዳቦ ፈግፍጊ፣ መጥበሻ ላይ በዘይትና በደቀቀ ነጭ ሽንኩርት ወርቅማ እስኪሆን አገላብጪ፣ ጨውና የተከተፈ በሶብላ። ላዛኛው ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ከላዩ ነስንሺበት፣ ቀድመሽ ካደረግሽው ያርራል። ዳቦው ግን ወተት ወይም እንቁላል የሌለበት ተራ ዳቦ መሆኑን አረጋግጪ፣ ለእማማ።

ስለ ፓስታው ደግሞ። የእኛ አገር ከፍታ ነው፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይሆን 92 ወይም 93 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው። ፓኬቱ 8 ደቂቃ ካለሽ ለእኛ አይበቃም፣ እየቀመስሽ ጨምሪበት። መቀቀል አያስፈልግም የሚለውን ዓይነት ከገዛሽም ግማሽ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አውጪው፣ ሶሱንም ትንሽ ቀጠን አድርጊው፣ ፓስታው ከሶሱ ነው ውሃ የሚጠጣው። ሀና "ውሃ አጥፊ" ያለችው ለአትክልቱ ነው፣ ሶሱን ግን ድርቅ ካደረግሽው ፓስታው ጠርዙ ላይ እንደ ቆዳ ይደርቃል።

ቤቲ ከቱሉ ዲምቱ፦

አራብሳ፣ ሐሳብሽ ልቤን ገዛው። ለእማማ "ዓርብ ከእኛ ጋር ላዛኛ ይበላሉ" ስላቸው "የጾም ነው?" አሉኝ፣ "አዎ" ስላቸው "እስቲ ሱፉን እኔ ልቀምልሽ" ብለው ተነሱ። ቤት ውስጥ ፈረንጅ ምግብ ሲሠራ እስከ ዛሬ ወደ ኩሽና ገብተው አያውቁም።

ሀና አትቀየሚኝ፣ አይብሽንም አልጥለውም። ጨው፣ ትንሽ ሚጥሚጣና በሶብላ ለውሼ በትንሽ ሳህን ለብቻው አቀርበዋለሁ፣ የሚበላ ሰው ከጎኑ ጣል ያደርጋል። ማንኪያው ለብቻው ይሆናል።

አሁን የቀረኝ የመብራቱ ነገር ነው። በር ላይ እንግዳ ቆሞ ኦቨኑ ቢጠፋብኝ ምን ይውጠኛል?

ጋጋሪው ከገላን፦

እህቴ፣ በዚህ ላይ እኔ ልርዳሽ፣ ዳቦ ነው ሥራዬ።

አንደኛ፣ ሶሶቹንና አትክልቱን ሐሙስ ማታ ጨርሺ። ዓርብ ከሰዓት መብራት እያለ ደርድረሽ ወዲያው ጋግሪው፣ እንግዳ እስኪመጣ አትጠብቂ። ላዛኛ ቀድሞ መጋገሩ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ሲያርፍ ይያያዛል፣ አቆራረጡም ያምራል። 180 ዲግሪ ላይ መጀመሪያ ፎይል ሸፍነሽ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ ፎይሉን አንስተሽ ሌላ 15 ደቂቃ። ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ ኦቨኖች ሽቦው ለምግቡ ቅርብ ስለሆነ ከላይ ቶሎ ያቃጥላሉ፣ ትሪውን ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርጂው። ማታ ለማሞቅ መብራት ባይኖር እንኳ ፎይሉን መልሰሽ ሰፊ መጥበሻ ላይ ትንሽ ውሃ አድርገሽ ትሪውን ከላዩ አስቀምጪ፣ ሲሊንደሩን ለስ አድርጊ። እንፋሎቱ ያሞቀዋል። የመስታወት ትሪ ከሆነ ግን ይሄንን አታድርጊ፣ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። የብረት ወይም የአሉሚኒየም ትሪ ተጠቀሚ።

ሁለተኛ፣ መብራቱ ከቀትር ጀምሮ ጭራሽ ከሌለ። ወፍራም ብረት ድስት አለሽ? ታችኛውን በኮባ ቅጠል አልብሺው፣ ልክ ለድፎ ዳቦ እንደምናደርገው። ከላዩ ሶስ ቀቢ፣ ፓስታውን በድስቱ ቅርጽ እየሰበርሽ ደርድሪ። ስቶቩን በጣም ዝቅ አድርጊና በድስቱና በእሳቱ መካከል አሮጌ ምጣድ ወይም ቆርቆሮ ጣል አድርጊ፣ እሳቱ በቀጥታ እንዳይነካው። ክዳኑ ብረት ከሆነ ከላዩ ፍም አስቀምጪ። ፍም የምታደርጊበት ከሆነ ግን ስቶቩም ድስቱም ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሁኑ፣ ቤት ውስጥ ከሰል አይነድም፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከላይ እንደ ኦቨኑ ባይቀላም የዳቦው ፍርፋሪ ቀድሞ ስለተጠበሰ ችግር የለውም።

ኮባው ደግሞ ሽታ ይሰጠዋል። ለላዛኛ ማን ሞከረው እንዳትይኝ፣ እኔ ቤት ይወደዳል።

የሰንዳፋ ልጅ፦

ወተቴ ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ይሁን፣ ሻዩን በወተት ታቀርቢላቸዋለሽ። ህንዶች ወተት ያለበት ሻይ ሲወዱ! ዝንጅብልና ኮረሪማ ጣል አድርጊበት፣ መጀመሪያ ከውሃው ጋር ይፍላ፣ ወተቱ በኋላ ይግባ፣ ጥሬ ዝንጅብል ወተቱን ሊበጣጥሰው ይችላል። ለእማማ ያለ ወተት።

ቤቲ ከቱሉ ዲምቱ፦

እናንተ ልጆች ተባረኩ። እቅዴ ይሄ ነው። ሐሙስ ጧት አቃቂ ገበያ ወርጄ ዱባ፣ እንጉዳይ፣ ዝኩኒ፣ ቆስጣና ቲማቲም እገዛለሁ፣ ሱፉ እማማ ጋ ነው። ሐሙስ ማታ ሶሶቹን እጨርሳለሁ። ዓርብ 8 ሰዓት ላይ እደረድራለሁ፦ ከታች ቲማቲም ሶስ፣ ፓስታ፣ እንጉዳይ በቲማቲም፣ የሱፍ ሶስ፣ ፓስታ፣ ዱባና ቆስጣ፣ ፓስታ፣ ዝኩኒ በቲማቲም፣ ፓስታ፣ ከላይ የቀረው የሱፍ ሶስ፣ መጨረሻ ላይ ፍርፋሪው። ትሪው ትንሽ ስለሆነ ከጎኑ ትልቅ ሰላጣና ዳቦ። አሠራሩ ላይ የምታርሙት ነገር አለ?

አራብሳ 4ኛ ፎቅ፦

አንድ ብቻ። የሱፉን ሶስ ሐሙስ ማታ ከሠራሽ ሲያድር ይጠነክራል፣ ከላዩም ቆዳ ያወጣል። ትኩስ እያለ ፌስታሉን ሶሱ ላይ አስነክተሽ ሸፍኚው፣ ዓርብ ስትጠቀሚበት ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምረሽ ምቺው። ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ፍሪጅሽ መብራት ከሌለው ግን ሐሙስ አትሥሪው። ከቻልሽ ግን ዓርብ ጧት ነው የሚሻለው።

ሀና ለቡ፦

አልተቀየምኩም። ዝኩኒውን በጨው ካቆየሽው ሶሱ ላይ ጨው ስትጨምሪ ቀንሺ። ከኦቨን ሲወጣም ወዲያው አትቁረጪው፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይረፍ። ሰሃን ላይ የሚፈርሰው ትኩሱን ሲቆርጡት ነው። አይቡ ላይ ደግሞ ሚጥሚጣውን ለብቻው አቅርቢው፣ ልጆች አሉ።